አገልጋይ ሀብታም መሆን ይችላል? መጀመሪያ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ይጠየቅ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ የወንጌል አማኝ ናት። ደብዳቤዋ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«አሥራቴን ሳላጓድል አወጣለሁ። ዓምና በቤተ ክርስቲያናችን ‹ለአገልጋዩ መኪና› ተብሎ ቃል ስንገባ እኔም የእቁብ ብሬን ተማምኜ ሃያ ሺህ ብር ቃል ገባሁ፤ አሥራ ሁለቱን ከፍያለሁ። ዘንድሮ ፓስተራችን ሳቢያን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገባ፤ ልጆቹም ውድ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። እናቴ ሐረር ታማ ተኝታለች፤ የመድኃኒቷን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ነገሩን ለአንዲት እህት ባነሳባት ‹የተቀባውን አትንኪ፣ በረከትሽ ይነሳል› አለችኝ። የክርስቶስ አገልጋይ ድሃ መሆን የለበትም እንዴ? አሥራቴን ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል? የቀረውን ስምንት ሺህስ መክፈል አለብኝ?»

አገልጋይ ድሃ ይሁን የሚል ትእዛዝ የለም። ይህ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይበላሻል፤ «አገልጋይ ማለት ያጣ የነጣ ማለት ነው» ብለሽ ከተነሳሽ ፓስተሩ አንድ ጥቅስ ጠቅሶ ዝም ያሰኝሻል፤ ጥቅሱም የእውነት አለ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ራሱ እንደደነገገ ይጽፋል። ለጢሞቴዎስ ደግሞ በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች፣ ይልቁንም በመስበክና በማስተማር የሚደክሙት፣ እጥፍ ክብር እንደሚገባቸው ነግሮ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውን የሙሴን ሕግ ያስከትላል። ስለዚህ የአገልጋይ ደመወዝ ችሮታ አይደለም፤ የጉባኤው ዕዳ ነው። ንብረት ሳይዙ መኖር የመነኮሳት ስእለት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሐረር የገቡት የካቶሊክ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ይህን ስእለት የተሳሉ ነበሩ፤ የኦርቶዶክስ መነኩሴም ዓለምን ንቆ ነው የሚገባበት። የእናንተ ፓስተር ግን ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ያልገባውን ስእለት አትጠይቂው። ፓስተራችን ኤሲ አስገባ ብለው የሚጽፉልኝም አሉ። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ኤሲ ማስገባት ምኑ ነው ኃጢአቱ?

የድህነቱ ሐሳብ ከየት እንዳደረብሽ ግን ይገባኛል። የአገራችን ወንጌላዊ አማኝ ስሙን ሲሰማ ዓይኑ እንባ የሚያቀርርበት አገልጋይ በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቱ ታሽጎበት፣ ደመወዙ ተቋርጦበት፣ ከቤት ቤት እየተደበቀ ያስተማረው ነው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው፣ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ ትውልድ እጅ ወንጌልን የተቀበለ ሰው የፓስተሩን ፎቅ ሲያይ ቢከነክነው አይፈረድበትም። ሆኖም ያን ድህነት ያመጣው ስደት ነው፤ ስደቱ ያለፈለትን ሰው በዚያ ልክ መመዘን አይቻልም።

እንግዲህ «ሀብት አለው ወይ?» የሚለውን ተዪና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሀብቱ ከየት መጣ? ሲመጣስ ማን አየው? ከዚራ ያለ የቤተሰብ ቤት ተሸጦ ድርሻው ደርሶት ሊሆን ይችላል። ወንድሙ ከአሜሪካ ልኮለት ይሆናል፤ ሚስቱ ነግዳ ይሆናል፤ እሱም ወደ አገልግሎት ከመምጣቱ በፊት ያጠራቀመው ይኖረው ይሆናል። እንዲህ ያለው ሀብት የራሱ ነው፤ በርናባስ እርሻ ነበረው፣ ፊልሞናም ጉባኤ የሚሰበሰብበት ቤት ነበረው። ለባለጠጋ አማኝ የተጻፈው ቃል ይመለከተዋል፤ አትታበይ፣ በሀብት አትታመን፣ ለመስጠት እጅህ አይጠር። ከዚያ አልፎ ማንም ሊቆጣጠረው አይገባም። ሀብቱ የመጣው ከመድረኩ ከሆነ፣ ማለትም ከአሥራት፣ ከመባ፣ ከ«ዘር»፣ ከጸሎት በኋላ ከሚጨበጥ ፖስታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ የተሰጠው ለእግዚአብሔር ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ለእግዚአብሔር ሲል የሚጠይቅ ባለቤት አለው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ሥርዓት አበጅታለታለች። በአራተኛው መቶ ዘመን በተሰበሰቡት የሐዋርያት ቀኖናዎች ውስጥ ኤጲስ ቆጶስ የግል ንብረት ካለው የግሉና የጌታ የሆነው ተለይተው በግልጽ ይታወቁ የሚል ድንጋጌ አለ። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል፤ ሰውየው ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ንብረቷን እንዳትነጠቅ፣ ሚስትና ልጆች ካሉትም እነሱ በቤተ ክርስቲያን ሰበብ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ። ልብ በይ፣ «ኤጲስ ቆጶሱ ምንም አይኑረው» አላለም፤ «አይደባለቅ» ነው ያለው። ወደ ዛሬው ሲመጣ ሊብሬው በማን ስም ነው፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው፣ አሥራት የሚገባበት የባንክ ሒሳብ የማን ነው ማለት ነው።

አንቺ የጻፍሽው «ለአገልጋዩ መኪና» የሚለው አነጋገር ላይ ራሱ ችግር አለ። ለፓስተሩ የተሰጠ ስጦታ ነው ወይስ ለአገልግሎት የሚውል የቤተ ክርስቲያን መኪና? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ከሆነ ፓስተሩ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ይዞት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከሆነ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። የሒሳብ መዝገብ ስመረምር ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ይህ ነው፤ መድረክ ላይ «አገልግሎቱን እንደግፍ» ተብሎ ይሰበሰባል፣ ትራንስፖርት ቢሮ ሲደርስ በግለሰብ ስም ይመዘገባል። ክፋት ላይኖርበትም ይችላል፤ «በቤተ ክርስቲያን ስም ሲሆን ወረቀቱ ይበዛል» ብለው ነው። ነገር ግን ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ሲወጣ ለታቦቱ ነው የሚያስገባው፤ በሩ ላይ የቆመው ቄስ ወደ ቤቱ ቢወስደው ዝም የሚል ምእመን የለም። ለታቦት የሚገባው ጥንቃቄ ለእናንተም መባ ይገባዋል።

አሁን ስንት ይከፈለው ወደሚለው እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሸሸው እዚህ ጋ ነው። አሥራት ራሱ መለኪያ አለው። አሥር አባወራዎች አሥራት ቢያወጡ የሚሰበሰበው ገንዘብ የአንዱን አባወራ አማካይ ገቢ ያህላል። በዘኍልቍ 18 ላይ አሥራቱ ለሌዋውያን የተሰጠው የመሬት ርስት ስላልነበራቸው ነው፤ የተሰጠውም ለአንድ ሰው ሳይሆን ለነገድ ነው፤ እነሱም ከተቀበሉት አሥራት አውጥተው ለካህኑ ይሰጡ ነበር። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ በዘዳግም 14 እንደተጻፈው የዚያ ዓመት አሥራት በየከተማው ደጅ ይቀመጥና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ አብረው ይበሉታል። በዚህ ስሌት ሁለት መቶ ቤተሰብ ያለበት ጉባኤ የሚያወጣው አሥራት ሃያ ሰው በምእመኑ ልክ ያኖራል። አንዱ ብቻውን የሃያውን ከበላው በገጠር ያሉት ወንጌላውያን፣ መበለቶቹ፣ ድሃ አደጎቹ ድርሻቸው ተበልቷል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የምይዘው ልክ ግልጽ ነው፤ ከጉባኤው ስጦታ የሚኖር አገልጋይ ኑሮው በጉባኤው መካከለኛ አባወራ ኑሮ ዙሪያ መሆን አለበት። ታች ያለው ቤተሰብ ዘንድ አይውረድ፣ ላይ ካለው ነጋዴም ጋር አይፎካከር። ታይዋን ነግደው በሚያድሩ ሰዎች መካከል ያለ ፓስተር ልክ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ከሚሰበሰቡበት ጉባኤ ፓስተር ልክ ይለያል፤ ልኬቱ ግን አንድ ነው።

ይህን ስል ብዙዎች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አንደኛው «ኢየሱስም ሀብታም ነበር፤ ገንዘብ ያዥ ነበረው፣ ሰብአ ሰገልም ወርቅ አምጥተውለታል» የሚለው ነው። ገንዘብ ያዡ ይሁዳ ነበር፤ ዮሐንስ በ12ኛው ምዕራፍ ከከረጢቱ ይሰርቅ እንደነበር ጽፎበታል፤ ከዚያ ታሪክ የምንማረው ነገር ቢኖር ከረጢት ቆጣሪ እንደሚያስፈልገው ነው። ከረጢቱንም የሚሞሉት እነ ዮሐናና ሶስና በገዛ ገንዘባቸው ያገለግሉ የነበሩ ሴቶች ነበሩ፤ እሱ ራሱ ግን ራሱን የሚያስጠጋበት እንደሌለው ተናግሯል። ሁለተኛው «መቶ እጥፍ ይቀበላል» የሚለው የማርቆስ 10 ተስፋ ነው፤ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ከስደት ጋር» የሚል አለ፤ ሲሰበክ ግን ይዘለላል። ሦስተኛው ሚልክያስ 3፥10 ነው። ነቢዩ አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ ያለው በቤቴ መብል እንዲኖር ብሎ ነው፤ ከዚያ ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ የሠራተኛን ደመወዝ የሚከለክሉትን፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁትን ይከሳል፤ ከ1፥6 እስከ 2፥9 ያለው ደግሞ ካህናቱን የሚወቅስ ነው። መጽሐፉን ከመሐል አንድ ቁጥር ነቅሎ ምእመን ላይ ብቻ ማንበብ ለካህን የተጻፈውን ወቀሳ መሰወር ነው።

«ዘር ዝሩ፣ ታጭዳላችሁ» የሚለው ትምህርት ከአባቶቻችን የተወረሰ የሚመስለው ሰው አለ። አሁን በምንሰማው መልኩ የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንደ ኦራል ሮበርትስ ባሉ የአሜሪካ ሰባኪዎች ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን የተሰበሰበው የሎዛን የወንጌላውያን ጉባኤ የብልፅግና ወንጌልን በስም ጠርቶ ነቅፎታል። ጤናና ሀብት በስጦታ መጠን ይመጣል ማለት ደግሞ አንቺን በመሰለች ሴት ላይ ክፉ ነገር ያደርጋል፤ የእናትሽ ሕመም የአንቺ የስጦታ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠርብሻል። እንዲህ የሚል ሰው ቢገጥምሽ አትስሚው።

«የተቀባውን አትንኪ» ያለችሽን እህት በቅንነት እንደተናገረች እቆጥረዋለሁ፤ ጥቅሱ ግን ስለዚህ ጉዳይ አይደለም። መዝሙር 105 የሚናገረው በየአገሩ ስለተንከራተቱት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው፤ እግዚአብሔር ነገሥታቱን «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ያለው እንዳይጎዷቸው ነው፤ ሒሳብ አትጠይቋቸው የሚል ነገር የለበትም። ዳዊትም ሳኦልን አልገደለውም እንጂ በሠራዊቱ ፊት ጮኾ ወቅሶታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ 1ኛ ሳሙኤል 12 አለልሽ። ሳሙኤል ሸምግሎ አገልግሎቱን ሲያስረክብ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ የማንን አህያ ወሰድሁ፣ ከማንስ እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ በእግዚአብሔርና በተቀባው ንጉሥ ፊት መስክሩብኝ ይላል። ሕዝቡም ምንም አልወሰድህብንም ብሎ መሰከረ። ነቢዩ ራሱ ነው ኦዲቱን የጠራው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንላለን፣ ማንም አይቀየምም፤ ስለ ገንዘብ ሲሆን ብቻ ፓስተሩን እንደ መልአክ የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን የተናገርኩት በፓስተሩ ላይ ይመስላል፤ ወደ ምእመኑም ልዙር፤ በዚህ ነገር ከሰባኪው ይልቅ ጉባኤውን የምወቅስበት ጊዜ ይበዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር አድገን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ያን አውልቀን አንገባም። ፓስተራችን በባጃጅ ሲሄድ እናፍራለን። የጎረቤት ጉባኤ ላንድክሩዘር ሲገዛ «እኛስ ከማን እናንሳለን» እንላለን። መኪናው የሱ ሳይሆን የኛ ማዕረግ ይሆንብናል። በሌላ ወገን ደግሞ በጨለንቆና በሂርና በኩል፣ ወይም እዚሁ ገንደ ቆሬ፣ ደመወዙ የቤት ኪራዩን የማይሸፍን ወንጌላዊ አለ፤ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲቸግረው አንዱ ባለሀብት አማኝ በዝምታ ይከፍልለታል። በጎ ሥራ ይመስላል። ዓመት ሳይሞላ ያ ባለሀብት ሠራተኞቹን ሲበድል ወንጌላዊው ሊገሥጸው አይደፍርም፤ ባለሀብቱ ሽማግሌ ሆኖ ሲመረጥም እጁን የሚያወጣለት ወንጌላዊው ነው። አገልጋይን ማስራብ ትሑት ያደርገዋል የሚል ሰው እንዲህ ያለውን አላየም። የተራበ አገልጋይ ለሰጪው ያድራል፤ በደረሰኝ የማይታወቅ ፖስታ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ስለዚህ «በዛ» ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት የተወሰነለት ደመወዝ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ምናልባት ጉባኤያችሁ በወረቀት ላይ የሚከፍለው የዘበኛ ደመወዝ ይሆናል፤ ቀሪው ሁሉ «በፍቅር ስጦታ» የሚሞላ ከሆነ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በየወሩ የሚሰጥ «የፍቅር ስጦታ» ስሙ ስጦታ ቢሆንም ሥራው የደመወዝ ነው። የአገልጋይ ደመወዝ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል፤ ስጦታ እያሉ ከመዝገብ ማስቀረት ቤተ ክርስቲያኗን ዕዳ ውስጥ ይከታል፣ ፓስተሩንም አንድ ቀን ያሳፍረዋል። መዝገብ ስገልጥ መጀመሪያ የማየው «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለውን ዓምድ ነው። ከደመወዙ ዓምድ በልጦ ካገኘሁት ሌላውን ገጽ ሳላይ ችግሩ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ተገቢውን መብት መተውም አለ። ያው ጳውሎስ ቀለብ የመቀበል መብቱን በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ከተከራከረለት በኋላ እዚያው ምዕራፍ ላይ አልተጠቀምሁበትም ይላል፤ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክም ብቻውን አልያዘውም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲጓዝ አደረገ። ምክንያቱን በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ሲሰጥ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። «እግዚአብሔር ያውቀኛል» የሚል አገልጋይ ግማሹን ነው የያዘው። ከቅርቡ ዘመን አሜሪካዊውን ሰባኪ ቢሊ ግራሃምን እጠቅሳለሁ። በ1948 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሞዴስቶ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ወንጌላውያንን ስለሚያሰናክሉ ነገሮች ሲመክር ገንዘብ አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ተጓዥ ሰባኪ የሚኖረው በስብሰባው ማብቂያ በሚሰበሰብለት ስጦታ ነበር። በ1950 አትላንታ ላይ ስብሰባው ሲያበቃ ጋዜጣ አንድ ጎን የገንዘብ ከረጢት የተሸከሙ አስተናጋጆችን፣ ሌላ ጎን ፈገግ ብሎ እጁን የሚያውለበልበውን ግራሃምን አሳተመ። ሕግ አልጣሰም፤ ፎቶው ግን አሳፈረው። ከዚያ በኋላ ስጦታውን ትቶ በቦርድ የሚወሰን የወር ደመወዝተኛ ሆነ። ብዙ ገንዘብ በእጁ ያለፈ ሰው ነው፤ ደመወዙን ግን ራሱ አልወሰነም።

መንግሥት ይህን እንዲያስተካክልልሽ አትጠብቂ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። የወንጌላውያን አማኞች ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል፤ በየጉባኤው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ግን አይቆጥርም። በአሜሪካም በ2007 እ.ኤ.አ. ሴናተር ቻክ ግራስሊ ስለ ቅንጡ ኑሯቸው ስድስት የቴሌቪዥን አገልግሎቶችን ጠይቆ ሙሉ መልስ የሰጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ጉዳዩም በ2011 ያለ ቅጣት ተዘጋ። ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የርስት ገቢያቸው ሲቋረጥ በቃለ ዓዋዲ (በቤተ ክርስቲያኗ የሰበካ አስተዳደር ደንብ) መሠረት ምእመኑ የሚመርጠው ሰበካ ጉባኤ ላይ ነው የተደገፉት፤ እሱም የሚሠራው ምእመኑ ሲጠይቅ ነው። መዋቅር ባለው ቤተ እምነት ውስጥ ከሆንሽ ሲኖዶስ ወይም የክልል ጽሕፈት ቤት አለ፣ አቤት ማለት ይቻላል። ጉባኤያችሁ አንድ ሰው መሥርቶት ቦርዱ ሚስቱና የሚስቱ ወንድም ከሆኑ ግን የምትጠይቂው የለም፤ እሱን አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

እንግዲህ የማደርገውን ልንገርሽ። ብቻሽን አትሂጂ። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መሠረት በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ይህ ፓስተሩን ከሐሜት ይጠብቀዋል፣ አንቺንም ብቻሽን ከመመታት ያድንሻል። እንዳንቺ ቃል ገብተው የከፈሉ ሁለት ሰዎች ያዢ። ክስ አትጻፉ፤ ጥያቄ ጻፉ፣ ለሽማግሌዎች ጉባኤ። የመኪናው ሊብሬ በማን ስም ነው? የፓስተሩን ደመወዝና አበል ማን ወሰነው፣ ቃለ ጉባኤ አለው ወይ? እሁድ ገንዘቡን ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርማል ወይ፣ ሰኞ ባንክ ይገባል ወይ? መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያኗ ውጭ የሆነ ኦዲተር ያየዋል ወይ፣ ውጤቱስ ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል ወይ? ስለ ቤቱ መጀመሪያ አትጠይቁ፤ የግሉ ሊሆን ይችላል፣ ከሱ ከጀመራችሁ ነገሩ ቅናት ይባላል። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አታውጡት። አንዴ ከወጣ ንጹሑም ሰው አይመለስም፣ ጥፋተኛውም «ስደት ነው» ብሎ ይጠቀምበታል።

አሥራትሽን አሁን አታቁሚ። ጥያቄው ምላሽ እስኪያገኝ ለይተሽ አስቀምጪው፣ አትብዪው። ሽማግሌዎቹ መዝገብ ከገለጡ የተጠራቀመውን አስገቢ፤ ኑሮው ካሰብሽው ከፍ ብሎ ቢገኝ እንኳ በግልጽ የተወሰነ ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ተከራከሪ እንጂ አትውጪ። እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መልስ ካልሰጡ፣ ወይም በመልስ ፋንታ እርግማን ከላኩ፣ ገንዘቡን መዝገብ ወዳለው ጉባኤ ወይም ወደምታውቂያቸው ችግረኛ አማኞች አዙሪው፤ አንቺም ተከትለሽው ሂጂ። በዚያ ኃጢአት የለብሽም።

ስለ ስምንቱ ሺህ። እግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ቀላል አይደለም፤ መክብብ 5 ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል። ነገር ግን ቃሉን የገባሽው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መስሎሽ ከሆነና መኪናው በግለሰብ ስም ከተገኘ ያልሽው ነገር ሌላ፣ የተደረገው ሌላ ነው፤ ዕዳ የለብሽም። በቤተ ክርስቲያኗ ስም ከሆነ ትከፍያለሽ፤ ከእናትሽ መድኃኒት በኋላ፣ እንደ አቅምሽ በየወሩ እየቆራረጥሽ። ይህን ቅደም ተከተል እኔ አላመጣሁትም፤ ኢየሱስ በማርቆስ 7 ላይ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ቁርባን ነው ብለው የሚያስቀሩትን ገሥጿል፤ ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ብሏል። ገንዘብ ያዡ ቢደውልልሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ቀሪውን የምከፍለው የሊብሬውን ኮፒ ሳይ ነው፣ አሁን የእናቴን መድኃኒት እየገዛሁ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርጉት፤ አንዱ ላይ የተቀበለው ሽማግሌ ቀን ጽፎ ይፈርምበት፣ እሱን አንቺ ያዢው።